ለሁለት ሰው የተሠራ ድንኳን

በዘጠኝ ዓመቴ የአጎቴን ትዳር ከመፍረስ ያዳንኩት እኔ ነኝ ብዬ ለብዙ ጊዜ አምን ነበር። ነገሩ ሲጣራ ለማፍረስ ጥቂት የቀረኝም እኔው ነበርኩ። አሁን ይህን ሳወራ አላፍርም፤ ባለጉዳዮቹ ይቅር ካሉኝ ቆይተዋል። እንዲያውም ባለፈው ገና ለቡ መብራት ኃይል ባለው ቤታቸው እንግዳ ተሰብስቦ ሳለ፣ የአጎቴ ሚስት ሄርሜላ በጣቷ እያመለከተችኝ፣ «ይቺን ታያላችሁ? የሙሽርነቴን ጊዜ እንደ ባለሥልጣን አጃቢ ከኋላዬ ሳትለይ ያስጨረሰችኝ እሷ ናት» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን፣ ያኔ እኔ ያየሁት ምን እንደነበረ ማንም ጠይቆኝ እንደማያውቅ ትዝ አለኝና ትንሽ ከፋኝ።

እኔ ያየሁት እንዲህ ነው።

አጎቴ ጸጋአብ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራው የመንገድ ቅየሳ። በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ የጎፋዋን ልጅ ሄርሜላን አገባና ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ገቡ። የካቲት ላይ አያቴ ዶርቃ የዓይኗን ሞራ ለማስገፈፍ ከአረካ መጣች፤ ለሁለት ሳምንት። እናት መጥታ መቼም ወለል ላይ አትተኛም፤ ሙሽሮቹ አልጋቸውን ለቀው ሳሎን ወጡ። መስከረም ላይ እናቴ ነርስነት ለመማር ዲላ ስትሄድ እኔ መጣሁ፤ ሴት ልጅ ከአያቷ ሌላ ከማን ጋር ትተኛለች ተባለና አልጋው ላይ ተጨመርኩ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ኤልያቄም የሚባል የሩቅ ዘመዳችን ኮሌጅ ገብቶ ሶፋው ላይ ከተመ። ሙሽሮቹ ሳሎኑ መሐል መጋረጃ ሰቀሉና ከመጋረጃው ማዶ ፍራሽ አነጠፉ። ኤልያቄም ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ መብራት አያጠፋም፣ የሚያጠናውንም ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። ሙሽሮቹ ከመጋረጃው ማዶ ተጋድመው የከብት በሽታ ዓይነቶችን አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተምረዋል።

ለእኔ ያ ቤት ገነት ነበር። በየትኛውም ሰዓት በር ብከፍት ሰው አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሄርሜላ አለች። ፋርማሲ ነበር የምትሠራው፤ ማታ ማታ ጉልበቷ ሥር አስቀምጣኝ ፀጉሬን እየጎነጎነች የመድኃኒት ስም ታስጠናኛለች። እጇ የሳሙናና የአልኮል ሽታ ነበረው። እናቴ በናፈቀችኝ ቁጥር ያንን እጅ ይዤ ነው የምተኛው፤ እናቴን ጨምሮ እንደሷ የወደድኩት ሰው አልነበረም ብል አልዋሽም።

በዚያ ቤት የፍቅር ማስረጃ የሚመስለኝ አንድ ነገር ነበር። አያቴ በየሁለት ወሩ አንዴ ምሳ ላይ ጉሮሮዋን ትጠርግና፣ «እንግዲህ ዓይኔም በራልኝ፤ ልሂድ መሰለኝ» ትላለች።

አጎቴ የያዘውን ጉርሻ ወደ ትሪው ይመልሳል። «ምነው እናቴ? ምን አጎደልንብሽ?»

«ኧረ ምን ይጎድላል!»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ? ሰው ምን ይለናል?»

ሄርሜላም ትነሳና፣ «እማማ፣ አስቀየምንዎት እንዴ? እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» ትላለች።

«ጌታ ይባርክሽ ልጄ፣ አንቺማ ምን ወጣሽ። በቃ፤ ካላችሁ ልሰንብት።»

ከዚያ ሦስቱም ባንድ ላይ ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳሉ። እኔ ያንን ትንፋሽ የደስታ ነው የምለው። እንዲህ የሚዋደዱ ሰዎች በጀሞ ምድር የሉም እያልኩ ለክፍል ጓደኞቼ አወራ ነበር።

ኅዳር ላይ አጎቴ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ አረንጓዴ ድንኳን ይዞ መጣ። ቀያሾች ሜዳ የሚያድሩበት፣ ሲታጠፍ በብብት የሚያዝ፣ በከረጢቱ ላይ «ለሁለት ሰው» የሚል ጽሑፍ ያለበት። ቅዳሜ ጠዋት ያንን ድንኳን ይዞ ወደ ነጯ ቮልሱ ሲወርድ የብሎካችን ዘበኛ ጋሽ ቀጄላ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማን አረፈ?» አሉ በሐዘን ድምፅ።

«ማንም አላረፈም ጋሽ ቀጄላ። ለሽርሽር ነው።»

«ለሽርሽር ድንኳን?» ባርኔጣቸውን መልሰው ለማድረግ ጊዜ ወሰደባቸው። እውነቱን ነው ብለው ያመኑትም አይመስለኝም፤ እኩለ ቀን ላይ ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አያቴን ለማጽናናት አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተዋል።

አያቴ ግን ያሳሰባት ሌላ ነበር። «ቤት እያለው ሜዳ የሚያድር ሰው ተፈናቃይ ነው» አለች ገና አጎቴ ስለ ድንኳኑ ሲነግራት። «ሙሽራ ቤቱን ትቶ ዱር የሚሄደው ተጣልቶ ነው፤ አለዚያም ሊጣላ ነው። ውዳሴ አብራችሁ ትሂድ። ልጅ ባለበት ባልና ሚስት አይጣሉም።»

 ሄርሜላ፣ «ደስ ይለናል እማማ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ከእኔ ጋር መሄዱ እንዲህ ያስደስታታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና ልቤ ተነካ።

የመጀመሪያው ጉዟችን መናገሻ ሱባ ጫካ ነበር። ቮልሷ ከሰበታ በኋላ ያለውን ኮረኮንች እየነጠረች ወጣች። ጫካው ውስጥ የጽድ ሽታ አለ፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘሉ ጉሬዛዎች አሉ፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከድንጋይ ድንጋይ የሚንጠባጠብ፣ ፏፏቴ ነኝ ለማለት የሚያፍር ውኃ አለ። ሄርሜላ እሱንም ቢሆን ስታይ ጫማዋን አውልቃ እየጮኸች ገባችበት። ቤት ውስጥ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። አጎቴ ድንኳኑን በሁለት ዛፎች መሐል ተከለ። እኔም ጅብ ፈራሁ አልኩና መሐላቸው ገብቼ ተኛሁ። ድንኳኑ በእርግጥ ጠባብ ነበር፤ ያሰፋሁት ግን በክርኔ ነው። ጠዋት ስነቃ አንዱ የድንኳኑን ግራ ግድግዳ፣ አንዷ የቀኙን ተጣብቀው ዓይናቸውን አፍጥጠው አገኘኋቸው። በእኔ ምክንያት የሚሞቃቸው መሰለኝ።

በዚያ ጉዞ ላይ ያለ እኔ ምንም እንደማይሆንላቸው ገባኝ። አጎቴ ለሁሉም ነገር እኔን ነበር የሚያዘው። «ውዲ፣ እስቲ ሄደሽ እዚያ ማዶ ስንት ጉሬዛ እንዳለ ቁጠሪ።» ሮጬ እሄዳለሁ፣ ሰባት ናቸው ብዬ ሮጬ እመለሳለሁ። «እርግጠኛ ነሽ? ስምንት አይደሉም?» እንደገና እሮጣለሁ። ድብብቆሽ እንጫወት የሚለውም እሱ ነበር፤ ቆጣሪዋ ሁልጊዜ እኔ ስሆን የምቆጥረውም እስከ አምስት መቶ ነው። እኔ ግን በአሥር በአሥር እየዘለልኩ ቶሎ እጨርሰዋለሁ። እንደነሱ ያለ ሰነፍ ተደባቂ በሕይወቴ አላየሁም፤ ሁልጊዜ ሁለቱም አንድ ቦታ ነበር የሚደበቁት። «አገኘኋችሁ!» ስል አጎቴ ግንባሩን ዛፉ ላይ ያስደግፋል። ተሸንፎ ነው እል ነበር፤ አንድ ሁለት ጊዜ ያላገኘኋቸው መስዬ ባልፍ ኖሮ ምን ነበረበት እያልኩ ዛሬ ራሴን እወቅሳለሁ።

ሁለተኛው ጉዞ ወንጪ ነበር፤ የካቲት ላይ። ሐይቁን በፈረስ ዞርን፤ ጉልበታችን እስኪዝል ዳገት ወጣን፤ ውኃ ቁልቁል ከሚወርድባት አንዲት ጥግ ድንኳናችንን ተከልን። በማግስቱ ጠዋት ጉም ገና አልገፈፈም ነበር። አጎቴ አምስት ክብ ነጭ ጠጠር ፈልገሽ አምጪ አለኝ። እኔ ደግሞ ጠጠሮቹን ከትናንት ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር የያዝኳቸው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚሉ ሰዎች እኔን አያውቁኝም። ከእንሰቱ ጀርባ ዞር ብዬ ትንሽ ቆየሁና ተመለስኩ።

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ውኃው ይጮሃል፤ እነሱም ለመደማመጥ ይጮሃሉ።

«አንድ ዓመት አለፈ እኮ ጸጊ!» አለች ሄርሜላ። «እኔ ከአንተ ጋር ነው ወይስ ከኤልያቄም ላሞች ጋር ነው የተጋባሁት?»

«እናቴ ናት፤ ምን ልበላት? ውጪ ልበላት?»

«ውጪ በላት አልወጣኝም። ግን እኔም ሰው ነኝ። ከአንተ ጋር አንድ ነገር ለማውራት ወንጪ ድረስ መጥቼ፣ እዚህም በስርቆት!» ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። «የምሬን ነው። እስከ ፋሲካ። ወይ እነሱ ይወጣሉ፣ ወይ እኔ ጎፋ እናቴ ጋ እገባለሁ።»

አጎቴ ወደ እሷ ተጠጋ። በእጁ ሊነካት ሲል ገፋችው፤ ከዚያ ራሷ መልሳ ያዘችውና አለቀሰች። ጠጠሮቹ ከእጄ ወደቁ።

«እነሱ» ያለችው እነማንን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ኤልያቄምንና መጽሐፎቹን ነው። እኔና አያቴ እንደማንሆን ጥርጥር አልነበረኝም፤ እኛን እንዴት እንደምትወደን አውቃለሁ። የገባኝ ሌላው ነገር ግን እንደ በረዶ አቀዘቀዘኝ፤ ሄርሜላ ልትሄድ ነው። ከፋሲካ በኋላ ፀጉሬን የሚጎነጉን፣ ማታ እጁን የሚያስይዘኝ ሰው የለም። እናቴ ዲላ ሄደች፤ ሄርሜላ ጎፋ ትሄዳለች።

መድኃኒቱን ደግሞ አያቴ ነግራኛለች፤ ልጅ ባለበት ባልና ሚስት አይጣሉም። የተጣሉት እኔ ጠጠር ለመልቀም ዞር ስላልኩ ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዞር አልልም ብዬ ወሰንኩ።

ቃሌን እንዴት እንደጠበቅሁ ሄርሜላ ዛሬ ስትናገር ሰው ያለቅሳል፤ ከሳቅ ብዛት። ቅዠት ያስፈራኛል ብዬ የአያቴን አልጋ ለቅቄ ከመጋረጃው ማዶ፣ ፍራሹ ላይ፣ መሐላቸው ገባሁ፤ አምስት ሳምንት። አጎቴ ሚስቱን ታክሲ ድረስ ሊሸኝ ሲወርድ ጫማዬን ሳላስር እከተላለሁ። እሷ ወጥ ቤት ገብታ እሱ ውኃ ሊጠጣ ሲነሳ እኔም ይጠማኛል። ምናልባት ሳላያት ብትሄድስ ብዬ ደግሞ ከየጫማዋ አንድ አንድ እግር ወስጄ የአያቴ ሻንጣ ውስጥ ደበቅሁ። ሄርሜላ አንድ ሰኞ የአጎቴን ሰንደል ጫማ አድርጋ ፋርማሲ ሄደች። እየቀጠነች፣ ፊቷም እየጠቆረ መጣ። እኔም በጠነከርኩ ቁጥር ነገሩ ለምን እንደሚብስ ሊገባኝ አልቻለም።

ፋሲካ አሥር ቀን ሲቀረው ሌላ መንገድ አጣሁ።

ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ የብሎካችን የጸሎት ኅብረት በእኛ ሳሎን ነበር የሚደረገው። መጋረጃው ይሰበሰባል፣ ፍራሹ ይቆማል፣ አሥራ አምስት ሰው ይገባል። መዝሙር ከተዘመረ በኋላ መሪያችን ጋሽ ወጋየሁ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እስቲ የጸሎት ርዕስ ያለው?» ይላሉ። ሁሉም በየተራው ይናገራል፤ ለፈተና፣ ለሥራ፣ ለታመመ ወንድም። የዚያን ቀን ኤልያቄም ለፈተናው ጸልዩልኝ አለ። አያቴ ለዓይኗ ምስጋና አቀረበች። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ጎሽ፣ ትንሿ እህታችን» አሉ ጋሽ ወጋየሁ ፈገግ ብለው። «ልጆች ሲለምኑ ጌታ ይሰማል። ተናገሪ።»

«ሄርሚ ጎፋ እንዳትገባብኝ ጸልዩልኝ።»

«ጎፋ?»

«እናቷ ጋ። ‹ወይ እነሱ ይወጣሉ ወይ እኔ ጎፋ እናቴ ጋ እገባለሁ› ብላለች። ቀኑ እስከ ፋሲካ ነው። ኤልያቄም ቢወጣላት ግን ትቀር ይመስለኛል።»

 ሄርሜላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አጎቴ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ኤልያቄም በቀስታ የራሱን መጽሐፎች ከወንበር ሥር ሰበሰበ። ጋሽ ወጋየሁ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ። «እ... እንግዲህ እንጸልይ» አሉና ስለ አገር ሰላም ጸለዩ። ስለ ሄርሜላ ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም። እኔ በጣም ነው የተናደድኩት። ሕዝቡም ሻይ ሳይጠጣ ደረጃውን ወረደ፤ በዚያ ቤት እንደዚያ የፈጠነ ስንብት አይቼ አላውቅም።

ሰው ሲወጣ አያቴ ተነሳች። ሁለቱን ጠራቻቸውና መኝታ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። መጀመሪያ የሄርሜላ ልቅሶ ተሰማኝ፤ ከዚያ የአጎቴ ጉርምርምታ። በመጨረሻ የአያቴ ድምፅ እየተንተከተከ መጣ። ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ እንዲህ ነው ለካ አልኩና እኔም ማልቀስ ጀመርኩ።

አያቴ ግን እየሳቀች ነበር። ያንን ያወቅሁት ትልቅ ልጅ ሆኜ ሄርሜላ ስትነግረኝ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» ብላታለች። «እኔ እኮ እንዳይከፋችሁ ብዬ ነው የተቀመጥኩት! ልሂድ ባልኩ ቁጥር አስቀየምንሽ ወይ ትሉኛላችሁ። እንሰቴ አረም ዋጠው፤ ቤተ ክርስቲያኔ ናፈቀኝ፤ ደረጃው ጉልበቴን ገደለው። አሥራ አራት ወር ሙሉ ለእናንተ ስል ታሰርኩ!» እነሱ ለእሷ ብለው ወለል ላይ፣ እሷ ለእነሱ ብላ አልጋ ላይ፣ ሁሉም በይሉኝታ ሲሰቃይ ከርሟል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ነቅዞ ነበር።

ለእኔ ማንም ምንም አልነገረኝም። ለልጅ ማን ይነግራል? በማግስቱ ኤልያቄም ብርድ ልብሱንና መጽሐፎቹን ተሸክሞ ጓደኛው ጋ ገባ። አያቴ እያንጎራጎረች ዕቃዋን ስትሸክፍ ከሻንጣዋ ሥር ስድስት የግራ እግር ጫማ አገኘች፤ አንድ በአንድ እያወጣች ደረደረቻቸው። መዝሙሯን ኀዘኗን ለመሸፈን የምትዘምረው መሰለኝ። በእኔ አፍ ምክንያት ከቤት ተባረረች፤ ሄርሜላ ደግሞ አሁንም ልትሄድ ነው። የፋሲካ ዋዜማ አያቴን ለማድረስ ወደ አረካ እንደምንሄድ፣ በዚያውም አጆራ ፏፏቴን እንደምናይ ሲነገረኝ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። የመሰነባበቻ ጉዞ ነው። ሄርሜላ የምትሄደው ከዚያ ነው።

በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገን ወረድን። ቮልሷ ሦስት ጊዜ ፈላች፤ ሦስት ጊዜ ውኃ ጠጣች። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ የሄርሜላን ቀሚስ ጫፍ በፊተኛው ወንበር ሥር አሳልፌ ጨብጬ ነበር። አያቴ አይታለች።

አጆራ ሳይታይ ነው የሚሰማው። ሜዳ ነው፣ እርሻ ነው፣ ምንም የለም፤ ከዚያ ድንገት መሬቱ ያልቃል። የበልግ ዝናብ የሞላቸው ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ገደል ይገባሉ። ጭሳቸው ሽቅብ ወጥቶ ፊታችንን አረጠበው። አያቴ አፏን ይዛ ቆመች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስሙን ስትሰማ ኖራ ያየችው ያኔ ነው። ሄርሜላ ግን ቁልቁል የምትወርደውን ቀጭን መንገድ አየችና የጫማዋን ክር ማጥበቅ ጀመረች።

«እስከ ታች እንውረድ?» አለችው አጎቴን።

«እንውረድ» አለ። እጇን ያዘ።

እኔም ተነሳሁ። አንድ እርምጃ ሳልሄድ የአያቴ እጅ አንጓዬን ያዘው።

«ቁጭ በይ።»

«አብሬያቸው ልሂድ!»

«ቁጭ በይ አልኩሽ፤ እኔ ብቻዬን ገደል አፋፍ ልቀመጥ?»

ተፈራገጥኩ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ ጠንካራ እጅ ነበራት። አጎቴ ዞር ብሎ አያት፤ እሷ በሌላው እጇ ሂዱ ብላ እንደ ዶሮ አባረረቻቸው። ወረዱ። መጀመሪያ ጉልበታቸው፣ ከዚያ ወገባቸው፣ ከዚያ የሄርሜላ ቢጫ ሻሽ ጠፋ።

ያኔ ነው ጮኼ ያለቀስኩት። «ባትመለስስ?»

«ማን?»

«ሄርሚ! ነገ ፋሲካ ነው እኮ! ቀኑ ደረሰ!»

አያቴ ዞር ብላ አየችኝ። ሞራው የተገፈፈለት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ማንም እንዳልነገረኝ ያን ጊዜ ነው የታወቃት። ሳበችኝና ጉያዋ ውስጥ አስገባችኝ።

«ትመለሳለች» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ልትሄድ የፈለገች ሴት ወደ መኪና እንጂ ከባሏ ጋር ወደ ገደል አትወርድም።» አፍንጫዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። «ስሚ። እኔ አያትሽን ሳገባ የገባሁት አማቴ ቤት ነው። አማቶቼ፣ ስድስት የባል ወንድምና እህት፣ ሦስት ላም፣ ሁላችን ባንድ ጣራ። ስምንት ዓመት። እኔና እሱ የምናወራው ከገበያ ስንመለስ ብቻ ነበር። ሆን ብለን በዞረው መንገድ እንመጣለን። አንዳንዴ ጨው ረሳሁ ብዬ እመለሳለሁ፤ እሱም ብቻዋን አትሂድ ብሎ ይከተለኛል። ጨው ቤታችን ሞልቶ!» ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ፊቷ ተለወጠ። «ታዲያ ይህን ሁሉ የማውቅ ሴት፣ የገዛ ልጄን አልጋ ይዤ ተኛሁበት። አንቺንም ልኬ መሐላቸው አስተኛሁ። ሰው ሲያረጅ የራሱን ይረሳል፣ ልጄ። በጣም ነው የማፍረው። ደግሞ ማንም አላባረረኝም፤ ቤቴ መግባቴ ደስ ብሎኝ ነው።»

ከተናገረችው ግማሹ አልገባኝም። ጨው የያዘ ሰው ጨው ለምን ይገዛል? የገባኝ ግን አለ፤ ማንም አልተባረረም፣ ማንም አይሄድም፣ አያቴ ቤቷ ስለምትገባ ደስ ብሏታል። ልቤ ረጋ አለ። እግሬ ግን አላመነም፤ አሁንም ወደዚያች ቀጭን መንገድ ነበር የሚያየው።

አያቴ ይህን አወቀች። «ነይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ። «እንጸልይ።»

ጨፈንኩ። ለአጎቴና ለሄርሜላ ጸለየች። ለእናቴ ትምህርት ጸለየች። ለኤልያቄም ፈተና፣ ዓይኗን ላከመው ሐኪም፣ ለጋሽ ወጋየሁ፣ ባርኔጣቸውን ላወለቁት ለጋሽ ቀጄላ፣ ለቮልሷ ሞተር፣ ስትፈላ ውኃ ለሰጡን የሆሳዕና መንገድ ሰዎች ጸለየች። ለዝናቡ ጸለየች፤ ለእንሰቱም። ውኃው ከታች ያጉረመርማል፤ የአያቴ ድምፅ ከላዩ እየዘመረ ይሄዳል። ጉልበቴ ደነዘዘ። በመጨረሻ ድምፅዋ ቆመ፤ አሜን ግን አላለችም።

አንድ ዓይኔን ከፈትኩ። እሷም አንድ ዓይኗን ከፍታ ወደ መንገዱ ታያለች። ተያየን።

«መጡ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

መንገዱን አየሁ። «አልመጡም።»

«እንግዲያው አስቢ» አለች ዓይኗን መልሳ እየጨፈነች። «ያልጸለይንለት ማን ቀረ?»

አሰብኩ። ከዚያ እኔም ጨፍኜ የክፍሌን ልጆች በስም መጥሪያው ተራ አንድ በአንድ እጠራላት ጀመር። ሃምሳ ሦስት ነበርን።